የቆረጥኩት «ምናልባት»

እናቴ በሞተችበት ዓመት ሥራዬ የሌሎች ሰዎችን ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ነበር። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የጥናት ማዕከል ብሎግ አለው፤ መምህራን ስለ አውሮፓ ፖለቲካ፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሚጽፉበት። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር የማርመው። መምህራኑ በግርጌ ማስታወሻ የታጨቀ ረጅም ጽሑፍ ይልካሉ፤ እኔ አንድ ሰው ባቡር እየጠበቀ አንብቦ የሚጨርሰው አደርገዋለሁ። ርዕስ የማወጣውም እኔ ነበርኩ። ርዕስ ላይ ጎበዝ ናት ይሉኝ ነበር።

ሥራውን ያገኘሁት በድሮ ትውውቅ ነው። ወጣት ሳለሁ እዚያው አውሮፓ ስለ ሕዝብ ሬድዮ ማስተርሴን ሠርቻለሁ። ዶክትሬትም ጀምሬ ነበር፤ መሀል ላይ አግብቼ ወደ አሜሪካ መጣሁና ተውኩት። ትዳሩም ብዙ አልቆየም። ከዚያ ዘመን የቀረችኝ አብራኝ ትማር የነበረች አንዲት ሴት ናት፤ እሷ የብሎጉ ዋና አዘጋጅ ስትሆን ለእኔ ፓርት ታይም ሰጠችኝ። እነሱ ጋ እኩለ ቀን ሲሆን እኔ ጋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጎረቤቶቼ መኪናቸውን አስነስተው ወደ ሥራ ሲወጡ እኔ ስለ አንድ አገር የምርጫ ክርክር ወይም ስለ ሌላው አገር የቴሌቪዥን ግብር ግማሽ ጽሑፍ አርሜ እገኛለሁ።

እናቴ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አብራኝ ነበረች። ሆስፒታል በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ መደረግ የነበረበት ሁሉ ተደረገ። ፍትሐቱ፣ ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ አንድም ሥርዓት አልጎደለም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እጄን ይዘው «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሉኝ ነበር። እሺ እላለሁ። አይመጣም። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲሄድ ሳህኖቹን አጠብኩ፤ ወንበሮቹን ለሰጡን ሰዎች መለስኩ፤ በማግሥቱ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ያዘንኩ አይመስለኝም ነበር፤ ደህና የሆንኩም አይመስለኝም ነበር። ክንዱን ተጭኖት ተኝቶ እንደነቃ ሰው ነበርኩ። ክንዱ አለ፤ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ነው። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ እደፋውና ሌላ አፈላለሁ። ዴድላይን ግን አንድ ቀን አላሳለፍኩም። እንዲያውም ከበፊቱ ፈጣን ሆንኩ። ድሮ አንድ ሰው ለፍቶ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ ትንሽ ያሳሳኝ ነበር። በዚያ ዓመት የሚያሳሳኝ ነገር አልነበረም።

ሳይሰለች የሚደውልልኝ አንድ ሰው ነበር። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ በሬድዮ ዜና ያነቡ ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ጥቂት ጊዜ አንብበው ወጡ፤ በካርቱም አድርገው እዚህ ደረሱ፤ እዚህ ደግሞ እስኪደክሙ ድረስ ታክሲ ነዱ። ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ስልክ አንሥተው «ሃሎ» ሲሉ ዜና ሊጀምር ነው የሚመስለው።

ብሎጉ ላይ የማወጣውን ሁሉ ታብሌታቸው ላይ ፊደሉን አግዝፈው ያነቡታል።

«አነበብኩት» ይላሉ።

«እንዴት አገኙት ጋሼ?»

«ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተቻኩለሻል።»

እንዴት ነሽ፣ እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ ብለው አይጠይቁኝም። ለዚህ በልቤ አመሰግናቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ አድርጌ፣ ትልቁን ድልድይ ተሻግሬ እሄድላቸዋለሁ። ዳቦና ብርቱካን እወስዳለሁ፤ እሳቸው ሻይ ያቀርባሉ፤ እኔ በሳምንቱ ያረምኩትን በአማርኛ አወራላቸዋለሁ። «ኮአሊሽን» ስል «ጥምር መንግሥት በይ» ይላሉ። «ሬጉሌተር» ስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያስቡና «ተቆጣጣሪ ማለት ይቻላል፤ ግን የእስር ቤት ይመስላል። ሌላ እንፈልጋለን» ይላሉ።

ጋሼ አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ አንዲት የወደብ ከተማ ይኖራሉ፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። በከተማዋ የሕዝብ ሬድዮ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ዓረብኛ ይመጣል። ዘፈን የሌለበት ደረቅ ፕሮግራም ነው። የትራም መስመር ተቀየረ፣ የጉንፋን ክትባት በዚህ ቀን ይሰጣል፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ተዛወረ። እትዬ ቅዳሜ ለወንድማቸው ሲደውሉ ይህን ሁሉ ተራ በተራ ይነግሯቸዋል። ጋሼ የራሳቸው ሕንፃ ቆሻሻ መቼ እንደሚወሰድ አያውቁም፤ የዚያችን ከተማ ግን ያውቁ ነበር።

የእናቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ እትዬ በሚኖሩበት አገር የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። የጻፈችው እንዲህ ስላሉት የስደተኞች ቋንቋ ፕሮግራሞች ነበር። ጽሑፉ ግኝት አልያዘም፤ የያዘው ጥያቄ ነበር። ፕሮግራሞቹ እንደሚጠቅሙ ታምናለች፤ ግን ደግሞ ምናልባት አንዳንድ አድማጮችን የአገሩን ዜና ከመከታተል ያዘገያቸው ይሆን ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ወዲያው ደግሞ ይህን በወጉ የመረመረ ሰው እንደማታውቅ፣ እሷም እንዳልመረመረችው ትናገራለች። መምህራን ሲጽፉ እንዲህ ናቸው፤ አንድ እግር ወደፊት፣ ሁለት እግር ወደኋላ።

«ምናልባት»ን አወጣሁ። «አንዳንድ» የሚለውን አወጣሁ። ማንም አልመረመረውም የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ አንባቢን ያቀዘቅዛል ብዬ፣ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። ከላይ ርዕስ ሰጠሁት፦ የራስ ቋንቋ ሬድዮ ስደተኞችን ከአገሩ ዜና ያርቃል። ይህን ስሠራ እትዬን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኳቸውም። እውነቴን ነው የምናገረው። ስማቸውም፣ ድምፃቸውም፣ የትራም መስመራቸውም ወደ አእምሮዬ አልመጣም። መምህርቷ አይታ እንድታጸድቀው ላክሁላት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ መስመር መለሰችልኝ፦ በጣም አምሯል፣ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ወጣ።

ጋሼ እንደ ልማዳቸው ኮል አደረጉኝ።

«ርዕሱ ይጮኻል» አሉኝ።

«ካልጮኸ አይነበብም ጋሼ።»

«እውነት ነው ግን? ያርቃል?»

«ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሰው ናት የጻፈችው» አልኳቸው።

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና ስለ ሌላ ነገር አወሩኝ።

የዚህ አገር ክረምት ሊወጣ ሲል ዋና አዘጋጇ ደስታዋ ከፊደሉ የሚያስታውቅ ኢሜይል ላከችልኝ። መምህርቷ በምታስተምርበት አገር፣ በአንድ ክልል ምክር ቤት የበጀት ክርክር ላይ፣ አንድ አባል ጽሑፋችንን ጠቅሶታል። ቪዲዮው ተያይዟል። ያን ቀን የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማድረቂያው እስኪጨርስ እየጠበቅሁ ነበር፤ እዚያው ቆሜ በስልኬ አየሁት። ሰውየው ወረቀት ይዟል፤ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ የእኔን ርዕስ በራሱ ቋንቋ ያነባል። ከዚያ «ይህን የምንለው እኛ አይደለንም፣ ምሁራን ናቸው» ይላል። ከሥር የእንግሊዝኛ ትርጉም ይሮጣል። ማድረቂያው ጮኸ። አንሶላዎቹን አውጥቼ አጣጠፍኩ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል መልእክት መምህርቷም ላከችልኝ፤ እኔም እንኳን አብሮ ደስ ያለን ብዬ መለስኩ። ደስታም፣ ፍርሃትም አልተሰማኝም። ከሥራ ዝርዝሬ ላይ ቀጥሎ የነበረውን ጽሑፍ ከፍቼ ቀጠልኩ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሆኜ እትዬ ደወሉ። ጋሼ ብርቱካን እየላጡ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሬድዮዋ ቀረች» አሉ እትዬ፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«የቷ ሬድዮ?»

«የእኛዋ ናታ። የአማርኛዋ። የኤርትራዎቹም፣ የሶማሌዎቹም፣ የዓረቦቹም ሁሉ አንድ ላይ ቀረ። ባለፈው ሳምንት አቅራቢዋ ልጅ ተሰናበተችን። በጀት የለም ተባለ። ደግሞ በቋንቋችን ስንሰማ ጊዜ የአገሩን ነገር አንማርም ብሎ ጥናት አረጋግጧል አሉ።»

«ምን ዓይነት ጥናት?» አሉ ጋሼ።

«እኔ ምን አውቄ። ጥናት ነው ያሉት። እኔ'ኮ የአገሩን ነገር የማውቀው በእሷ ነበር። አሁን ትራሙ ቢቀየር ማን ይነግረኛል?»

ጋሼ ብርቱካኑን መላጥ አቆሙ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም። ተነሥቼ ስኒዎቹን ይዤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩና ውሃ ከፈትኩ። እትዬ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ ማውራት ቀጠሉ። ስኒዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳላጥባቸው አልቀረሁም። ከዚያ ተሰናብቼ ወጣሁ። የዚያን ቀን መንገድ አላስታውሰውም፤ ድልድዩን ማቋረጤን የማውቀው ቤቴ ስለ ደረስኩ ብቻ ነው።

ላፕቶፔን ከፍቼ የጽሑፉን የእርማት ታሪክ አወጣሁ። ማን ምን እንደሰረዘ ኮምፒውተሩ ይይዘዋል። መምህርቷ የላከችው በጥቁር ነበር፤ እኔ ያወጣሁት በቀይ። «ምናልባት» ቀይ። «አንዳንድ» ቀይ። ማንም አልመረመረውም የሚለው፣ ሁለት መስመር ሙሉ፣ ቀይ። ከጎኑ የስሜ የመጀመሪያ ፊደላት። ደነገጥኩ ብል ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ነገር ቢኖር ብርድ ብቻ ነው፤ ሹራብ ደረብኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ። ሰውየው ጽሑፉን ባያገኝ ሌላ ነገር ያገኝ ነበር አልኩ። በጀቱ ድሮም ሊቆረጥ ነበር አልኩ። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። መምህርቷም አይታ አጽድቃለች አልኩ። ይህም እውነት ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱንም ጽሑፍ፣ የመጀመሪያውንና የወጣውን፣ አትሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እትዬ ያሉት ጥናት የኛ ብሎግ ነው» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። «ጥናትም አይደለም። እኔ ነኝ ጥናት ያስመሰልኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«እሷ ስትናገር። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ተቀመጪ።»

ሁለቱን ወረቀቶች ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ጮክ ብለው፣ በዚያ በዜና ድምፃቸው አነበቡት። ቀጥለው የእኔን አነበቡት። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«ያንቺው ለጆሮ ይጥማል» አሉ ሲጨርሱ። «ጎርባጣ የለውም። አንድ ቦታ አይሰናከልም። ሬድዮ ላይ ብሆን የማነበው ያንቺን ነበር።»

ወረቀቶቹን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«እኔ የተሰጠኝን ወረቀት ያነበብኩ ሰው ነኝ» አሉ ቀጥለው። «አንዳንዱን ባላነበብኩት እላለሁ። ግን አልጻፍኩትም፣ ሌላ ሰው ነው የጻፈው እያልኩ ስንት ዘመን አለፈኝ። አንቺ እንደዚያ ማለት አትችዪም። እጅሽ ነው።»

እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አላጽናኑኝም።

«ምን ላድርግ?»

«አርሚያ። ሬድዮ ላይ ስሕተት በወጣበት ሰዓት ነው የሚታረመው፤ ያንቺው ደግሞ በወጣበት ቦታ፣ በወጣበት ፊደል ልክ። ከታች፣ ከሥር፣ በደቃቅ ጽሑፍ ማረሚያ አይባልም። ለእህቴም ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም።»

ሰኞ ጧት ከመምህርቷ ጋር ቪዲዮ ኮል አደረግን። ወጥ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ ከጀርባዋ ያልታጠበ ድስት ይታያል። የእርማቱን ታሪክ ስክሪን ላይ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አጽድቄዋለሁ'ኮ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አላነበብኩትም ነበር። ኤርፖርት ነበርኩ። ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው ያጸደቅሁት።» ፀጉሯን ወደኋላ አደረገች። «የኔ ኮንትራት ጊዜያዊ ነው። በምክር ቤት መጠቀሴን ለዲኑ ሪፖርት አድርጌዋለሁ። በዚህ ዓመት የተባለልኝ ብቸኛ መልካም ነገር እሱ ነው። አሁን ተሳስቷል ብትዪ ምን ልላቸው ነው?»

«ያንቺ ስሕተት አይደለም። የኔ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ሰው እንደዚያ ለይቶ አያነብም። አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ልጠላት ሞክሬ ነበር፤ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። ግን ጽሑፏ ላይ ጥንቃቄዋን ራሷ አስቀምጣ ነበር፤ ያወጣሁባት እኔ ነኝ። ያን ቀን እሺም እንቢም ሳትለኝ ዘጋች። ሐሙስ ዕለት ኢሜይል ላከችልኝ፦ የቆረጥሽውን ዓረፍተ ነገር መልሺው፤ ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ። ሰላምታ አልነበረውም።

ዋና አዘጋጇ ማረሚያው ከጽሑፉ ሥር ትንሽ ማስታወሻ ሆኖ እንዲገባ ነበር የፈለገችው። «ሁላችንም ርዕስ እናሳምራለን። ከዚህ በላይ ካደረግሽው ብሎጉን ነው የምትጎጂው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ገብቼ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለወጥኩት፤ የቆረጥኩትን መለስኩ፤ ከሁሉ በላይ፣ በርዕሱ ፊደል ልክ፣ ቀድሞ የወጣው ጽሑፍ በእኔ በአራሚዋ ስሕተት የጸሐፊዋን ጥያቄ እንደ ተረጋገጠ ነገር ማቅረቡን፣ ጉዳዩን በወጉ የመረመረ እንደሌለ ጸሐፊዋ ራሷ ጽፋ እንደነበር ገለጽኩ። እሺ ብዬ እንቢ ማለቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ከረፋዱ በፊት ማረሚያው ወደ ታች ወርዶ ፊደሉ ደቅቆ አገኘሁት። ግን ከመውረዱ በፊት ገጹን አትሜው ነበር።

ለእትዬ ለመደወል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ብሎግ ምን እንደሆነ፣ ኤዲት ማድረግ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ቃል እንዳወጣሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብዬ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ታዲያ ለምን አወጣሽው?»

«ይረዝም ነበር።»

«ይረዝም ነበር» አሉ እሳቸውም። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ የሰማሁት ድካም ነው። «እኔ ሰውየውን ነበር የረገምኩት። ለካ አንቺም አለሽበት።»

«አለሁበት እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱን ቆይተን እናየዋለን። ማረሚያ ጻፍኩ ነው ያልሽኝ? ሰውየው አይቶታል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ላኪልኝ። በአገሩ ቋንቋ አድርገሽ።»

ከላይ የነበረውን፣ በትልቁ ፊደል ያለውን፣ በአንድ ተርጓሚ አስተርጉሜ ላክሁላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከእሳቸው ነው። የሬድዮውን አድማጮች፣ አንዲት ኤርትራዊት፣ ሁለት ሶማሌዎችና አንዲት የሶርያ ሴት ሰብስበው፣ ተሰናብታ የነበረችውን የአማርኛ አቅራቢ አስከትለው ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብትላቸው እትዬ የለንም፣ ወረቀት ግን አለን አሏት። ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተም አደረጉበት። ለብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። በጋው መሀል ላይ አንዲት የተቃዋሚ ወገን አባል በስብሰባ ላይ ተነሥታ ማረሚያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ያ የቀድሞው ተናጋሪ መልስ አልሰጠም። ፕሮግራሙም አልተመለሰም። በሚቀጥለው በጀት ይታያል ተባለ።

የእኔ ኮንትራት በዚያው በጋ አለቀ፤ አልታደሰም። ዋና አዘጋጇ የላከችልኝ የስንብት ደብዳቤ ሞቅ ያለ ነበር። ከድሮ ጓደኝነታችን ጋር የሚስማማ ቃል መርጣለች፤ አንዱንም ልቆርጥላት አልተመኘሁም። አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ በትምህርት ቤቶች በወላጆችና በመምህራን መሀል አስተረጉማለሁ። የሰው ንግግር እንዳለ ማስተላለፍ ነው ሥራው፤ አሰልቺ ቢሆንም፣ ቢረዝምም።

ያ ድንዛዜ ለቀቀኝ ወይ ብትሉኝ መልሱን አላውቀውም። አንዳንድ ጧት ሻዩን ትኩስ ሳለ እጠጣዋለሁ። መምህርቷ ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቷን ሰምቻለሁ፤ ጽፌላት አልመለሰችልኝም። እትዬም ይቅር ብዬሻለሁ ብለው አያውቁም፤ ግን የድምፅ መልእክት መላክ ተምረዋል፤ ለእኔም ይልካሉ።

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ የመኪናዬን ጭስ ለማስመርመር ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የእትዬ መልእክት መጣ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። መስኮቱን ዘግቼ መልእክቱን ከፈትኩት። የቀድሞዋ አቅራቢ ዜናውን በየሳምንቱ ቤቷ ሆና በስልኳ እየቀዳች፣ የሌሎቹንም ቋንቋ በየባለቤቶቹ እያስነበበች፣ ለአድማጮቹ በግሩፕ ትልክላቸዋለች። ጋሼ በምን እንደገቡ እንጃ፣ ግሩፑ ውስጥ ገብተው አነባበቧን ማረም ጀምረዋል። «አሜሪካ ሆነው ሆሄ አጠበቅሽ፣ ሆሄ አላላሽ የሚሉኝ አባት ማን ናቸው ብላ ተናደደች» አሉ እትዬ። «ወንድሜ ነው አልኳት፤ ምን ላድርግ። እሱም ልክ ነው'ኮ፣ ታጠብቃለች።» ቀጥለው አድማጮቹ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ መብራት ስለመበላሸቱ፣ ሶርያዊቷ ያመጣችው ኬክ ስለመጣፈጡ፣ ሶማሌዎቹ የእኛው ቀድሞ ይነበብ ብለው ስላነሡት ክርክር አወሩ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ተራዬ ደርሶ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሠራተኛው ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ ስልኩን እንዳጠፋው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። እትዬ ገና ከክርክሩ አልወጡም። አንድ ደቂቃ ብዬ ጣቴን አነሣሁለት፤ ጎማውን እያየ ቆመልኝ።